አሥራ ዘጠኝ የቢሮ ቃላት

እናቴ በእርሳስ የጻፈችው ወረቀት አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስምንት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም በትልልቁ ፊደል፣ አንዱም ከአንድ መስመር አያልፍም። እኔ ይህን ወረቀት በቀለም ስገለብጥ የለወጥኳቸውን ቃላት ቆጥሬያቸዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የለወጥኳቸውም ላበላሽ ብዬ ሳይሆን ላርም ብዬ ነው። ይህን የምለው ራሴን ለመከላከል አይደለም። ሥራዬ ሰዎች ስለ አደጋ የሰጡትን ቃል ማንበብና መመርመር ነው፤ "ለበጎ ብዬ ነው" የሚል ዐረፍተ ነገር በየፋይሉ አይጠፋም፤ አንድም ጊዜ ግን የተቆረጠ ጣት ሲያበቅል አላየሁም።

እናቴ ትሠራ የነበረው በአንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ በጋሪ እየተገፋ ይገባል፤ ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ በመጨረሻ በእንፋሎት በሚግሉ ሁለት ግዙፍ ሮለሮች መካከል አልፎ ደርቆና ተተኩሶ ይወጣል። እናቴና ጓደኛዋ ሮለሩ አፍ ላይ ነበሩ። አንዷ የቀኙን፣ ሌላዋ የግራውን ጫፍ ይዘው አንሶላውን ወጠር አድርገው ያጎርሱታል። ማሽኑ ከፊት ለፊቱ አንድ ቀይ ዘንግ አለው፤ እጅ ሲነካው ሮለሩ ቀጥ ማለት አለበት።

ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ ሄጄ የተደፋ ቅርጫት ላይ እቀመጥ ነበር። የሳሙናው ሽታ ጉሮሮ ይከረክራል። የእናቴ ፊት ሁልጊዜ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቶ ነው የማየው። ጓደኛዋን ሰው ሁሉ ሳቂታ ይላታል፤ እኔ ደግሞ እትዬ ሳቂታ። አንሶላውን እያጎረሰች ወሬዋን አታቋርጥም።

"ይሄኛው የሆቴል ነው፤ ሽቶ ሽቶ ይላል" ትላለች። "ይሄ ደግሞ የሆስፒታል፤ የተኛበት ሰውዬ ነፍሱን ይማር።"

"ተይ አንቺ፣ ልጅቷ ትሰማለች" ትላለች እናቴ፣ ራሷ እየሳቀች።

"ትስማ እንጂ፤ ፕሮፌሰር አይደለች? ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ምን አስተማሩሽ?"

የድርጅቱ ባለቤቶች የውጭ ሰዎች ስለነበሩ ቢሮው የሚሠራው በእንግሊዝኛ ነበር። ሠራተኞቹ ቋንቋውን የለመዱት ከማሽኖቹ ላይ ከተጻፈውና ከፎርማኑ አፍ ነው። ፎርማኑን "ቶሎቶሎ" ነበር የሚሉት፤ ከአፉ ሌላ ስለማይወጣ። እናቴ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም፤ ግን ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ታነባለች። ያ ሁሉ በትልልቁ ፊደል የታተመ መሆኑን ያኔ ልብ አላልኩትም።

በዚያ ዓመት የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፈለው። ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ ስለሚቆልፍ ኮሌታ እንለዋለን። በግራ በኩል "የቤት ቃል"፣ በቀኝ "የቢሮ ቃል" ብሎ ጻፈ። በግራ ሄልፕ፣ በቀኝ አሲስት። በግራ ትራይ፣ በቀኝ ኢንዴቨር። ቴል እና ኢንፎርም። ባድ እና ዲፌክቲቭ። ሰሌዳው ሞልቶ እስከሚያልቅ ሃያ አራት ጥንድ ጻፈልን።

"ፍቺያቸው ተቀራራቢ ነው" አለ። "ቦታቸው ግን ይለያያል። በነጠላ ጫማ ቢሮ አይገባም።"

ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ተናገረ፤ እኔ ግን የቀኙን ዓምድ ለመገልበጥ ተጣድፌ ስለነበር አልሰማሁትም። ካደግሁ በኋላ መንገድ ላይ አግኝቼው ጠይቄዋለሁ። ጡረታ ወጥቷል፤ ኮሌታው አሁንም ተቆልፏል። "በቆዳ ጫማም አልጋ ላይ አይወጣም ነው የምለው" አለኝ። "በየዓመቱ ሁለቱን አብሬ ነው የምናገረው። ለምን ጠየቅሽኝ?" ዝም ብዬ ነው አልኩት።

ኮሌታ ሲፈትነን አንድም አልሳትኩም፤ ሃያ አራቱንም አገኘሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግራው ዓምድ ለእኔ ስሕተት፣ የቀኙ ትክክል ሆነ። ደብተሬ ላይ በግራው ዓምድ አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ የኤክስ ምልክት አድርጌበታለሁ። የሳሙና ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር ማረም ጀመርኩ። ሳቂታ ለቶሎቶሎ "ሄልፕ ሚ" ስትለው ሰምቼ "አሲስት ነው የሚባለው" ብያታለሁ።

"እሱ እንደሆነ በአንዱም አይመጣ" አለችኝ።

አደጋው የደረሰ ቀን እኔ እዚያ አልነበርኩም። እናቴ ወደ ቤት ስትመጣ የግራ እጅጌዋ እስከ ክርኗ በደም ደርቆ ነበር፤ የእሷ ደም አልነበረም። ሳታወልቀው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር፤ ውኃ ሲሰጣት ብርጭቆውን ይዛ ሳትጠጣው ቀረች።

"ዘንጉን መታሁት" አለችው። "በእጄ መታሁት፣ በክርኔ መታሁት፤ አልቆመም። የሚቆምበትን ዋና ማጥፊያ ሮጬ እስካጠፋ እጇ ውስጥ ነበር።"

የሳቂታ የቀኝ እጅ አራት ጣቶች ተቃጥለውና ተጨፍልቀው ነበር። ቶሎቶሎ በማግስቱ ለቢሮ የጻፈው ሪፖርት ግን ሠራተኛዋ እያወራችና እየሳቀች ሳለ በራሷ ግድየለሽነት እጇን አስገባች የሚል ነበር። ይህ ከጸና ድርጅቱ ሕክምናዋን አይሸፍንም፤ ወደ ሥራም አትመለስም። ወሬዋንና ሳቋን ደግሞ ማን ይክዳል? አገር ያውቀዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። እናቴ በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ለቶሎቶሎ ዘንጉ እንደማይሠራ ነግራዋለች፤ እሱም ሁለቱንም ጊዜ "ሥሪ፣ ነገ ይጠገናል" ብሏታል። ይህን ሲል ከእናቴ በቀር የሰማ የለም። ስለዚህ የሳቂታ ነገር የተንጠለጠለው በእናቴ ቃል ላይ ነበር። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ በጽሑፍ አቅርቢ፣ በእንግሊዝኛ ይሁን አላት።

"ማመልከቻ ጸሐፊ ልፈልግልሽ?" አላት አጎቴ።

"ያየሁት እኔ፤ የተናገርኩት እኔ። እሱ ምን ብሎ ሊጽፍ ነው?"

እሑድ ቀኑን ሙሉ ጻፈች። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ እርሳስና ላጲስ ይዛ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። አንድ ዐረፍተ ነገር ትጽፋለች፤ ተነሥታ እጇን በአየር ላይ ዘርግታ ዘንጉን እንደምትመታ ታደርጋለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። እንደዚያ ሆና አይቻት ስለማላውቅ ሳቄ መጣ። አሁን ሳስበው ያየችውን ብቻ ለመጻፍ ያየችውን እንደገና እየሠራችው ነበር። ሥራዬ ላይ ብዙ ምስክር አጋጥሞኛል፤ እንደዚያ የተጠነቀቀ አላየሁም።

ማታ ላይ ወረቀቱን ሰጠችኝ። "እጅ ጽሕፈትሽ ያምራል" አለችኝ። "በቀለም ገልብጪልኝ። ያለውን ብቻ፤ ምንም አትጨምሪበት።"

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብቻዬን ነበርኩ። ወረቀቱን አነበብኩትና ፊቴ ጋለ። "አይ ቴል ቦስ ቱ ታይም" ይላል። "ዘ ባር ኢዝ ባድ" ይላል፤ ባር ያለችው ቀዩን ዘንግ ነው። "ሺ ክራይ" ይላል። ከላይ እስከ ታች የግራ ዓምድ! ኮሌታ ቢያየው ምን ይለኛል ብዬ አሰብኩ፤ ኮሌታ የሚያየው አንዳች ምክንያት አልነበረም። እናቴ በነጠላ ጫማ ቢሮ ልትገባ ነው፤ ይስቁባታል ብዬ ፈራሁ። እዚህ ላይ ትክክለኛ ልሁን፦ ያፈርኩት በእሷ ነው።

ደብተሬን ዘርግቼ ሥራ ጀመርኩ። ቴልን ኢንፎርም አደረግሁት። ባድን ዲፌክቲቭ። ክራይን ላሜንት፣ ማለትም ሙሾ ማውረድ። ደብተሬ ውስጥ ያላገኘሁትን ከትምህርት ቤት በተዋስኩት መዝገበ ቃላት ፈለግሁ። ቦስ የሚለውን ማኔጅመንት አልኩት፤ ትልቅ ቃል ስለሆነ ደስ አለኝ። ዛሬ ግን ይኸኛውን ብቻውን አንሥቼ እመለከተዋለሁ። እናቴ "ቦስ" ስትል አንድ ሰው ነበር፤ ፊትና ድምፅ ያለው፣ ነገ ይጠገናል ያለ። "ማኔጅመንት" ማንም አይደለም። ሰውየውን በገዛ እጄ ከወረቀቱ አስወጣሁት።

ስጨርስ ስምንቱ ዐረፍተ ነገር አንድ ገጽ ሞልቶ ነበር። ፊደሎቹን እርስ በርሳቸው ቀጣጥዬ፣ ጭራቸውን እያዞርኩ ነው የጻፍኩት።

እናቴ መጥታ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች። ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤ አራቀችው፤ አቀረበችው። ዓይኗ ላይ ውኃ ያየሁ መሰለኝ። ኮርታብኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

"ያልኩትን ነው የጻፍሽው አይደል?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"ምንም አልለወጥሽም?"

"ምንም።"

እናቴ ተቀጣጥሎ የተጻፈ ፊደል ማንበብ አትችልም ነበር። ማሽን ላይ እንደዚያ ተብሎ የሚጻፍ የለም። ይህንንም ለአሥራ አንድ ዓመት ልጇ መናገር ከበዳት። ፈረመችበት።

የኮሚቴው ቀን ትምህርት ስላልነበረኝ አብሬያት ሄድኩ። ሳቂታ ገና ሆስፒታል ነበረች። ረጅም ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ገባች። ግድግዳው ከወገብ በላይ መስታወት ነው፤ ድምፅ አይወጣም፤ ሁሉ ነገር ግን ይታያል። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ቶሎቶሎ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ያን ቀን ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶታል። መካከል ላይ የተቀመጠው መነጽር ያደረገ ሰው የእኔን ወረቀት አነሣ። ጽሕፈቴን አወቅሁት፤ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰውየው አነበበ። ቅንድቡን አነሣ፤ ለጎረቤቱ አሳየው። ያም ፈገግ አለ። ወደ እናቴ ዞሮ በእስክሪብቶው ጫፍ አንድ ቃል ላይ ነካ አድርጎ አንድ ነገር ጠየቃት። እናቴ ወረቀቱን አየች። ሌላ ቃል ነካ። ሦስተኛ ነካ። እናቴ ቀና ብላ በመስታወቱ አሻግራ አየችኝ።

እጄን አውለበለብኩላት።

ማን እንደጻፈው እየጠየቋት ነው ብዬ እርግጠኛ ሆንኩ፤ በዚህ አልተሳሳትኩም። ሊጠሩኝ ነው ብዬ ካልሲዬን ሳብ አደረግሁ፤ ሲጠይቁኝ የምመልሰውን በልቤ አዘጋጀሁ። እናቴ ግን ፊቷን ከእኔ መልሳ ሁለት ሦስት ቃል ተናገረች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፤ እሑድ ወጥ ቤት ውስጥ እንዳደረገችው አየሩን በእጇ፣ ቀጥሎም በክርኗ መታች። ሰውየው መዳፉን አንሥቶ አስቆማት። ወረቀቱን አጥፎ ከፋይሉ ውጪ አስቀመጠው።

መጀመሪያ የወጣው ቶሎቶሎ ነበር። ሲያልፍ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎ "ጎበዝ" አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት።

"ምን አሉሽ፣ እማዬ?"

"ጽሕፈቱ ያምራል አሉ" አለችኝ። መንገዱን ሙሉ እጄን አልለቀቀችም።

በሚቀጥለው ሳምንት እናቴን ከሮለሩ አንሥተው ወደ ምድር ቤቱ አወረዷት፤ ቆሻሻው አንሶላ ሳይታጠብ ወደሚለይበት ክፍል። እኔ እንደ እድገት ቆጠርኩት። ፊቷ አይቀላም፤ ብቻዋን ነው የምትሠራው፤ ቶሎቶሎ አይጮኽባትም። የወረቀቱ ሽልማት ነው ብዬ ለአንዲት ጓደኛዬም አውርቻለሁ። እዚያ ክፍል የሚላኩት የተቀጡ ሠራተኞች እንደሆኑ የሰማሁት ብዙ ቆይቶ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ እናቴና አጎቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ደረስኩ። መምጣቴን አላወቁም።

"ልጅቷ ናት ብትያቸውስ ምን ነበረበት?" ይላል አጎቴ።

"በመስታወቱ እያየችኝ?"

"ልጅ ናት፤ ምን ያደርጓታል?"

"ስሟ አፋቸው ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። በቃ፤ ሁለተኛ እንዳታነሣው።"

እናቴ ከሰው ዓይን እየጠበቀችኝ ነው ብዬ ተረዳሁት። ጎበዝ ልጅ ዓይን ይበላዋል ሲባል እሰማ ነበር። ኩራት ተሰማኝ፤ ኮቴዬን አጥፍቼ ወጥቼ እንደ አዲስ እያንኳኳሁ ገባሁ።

ሳቂታ ከሆስፒታል ስትወጣ እናቴ ብርቱካን ገዝታ ልትጠይቃት ሄደች። ከነብርቱካኑ ተመለሰች። "ብርቱካን አትወድም" አለችኝ፤ እኔና አጎቴ በላነው። ሁለተኛም ሄደች፤ ሁለተኛም በላነው። በዚያ ሰሞን ደስ ካሉኝ ነገሮች አንዱ ብርቱካኑ ነበር። ከዚያ ሳቂታ ሰፈር ለቀቀች፤ አዲስ ሥራ አግኝታ ነው ብዬ ገመትኩ። እናቴም ከዚያ ወዲያ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከአፏ ሲወጣ አልሰማሁም። እኔን ግን ማስተማሯን አልተወችም። አንደኛ ስወጣ ለሰው ሁሉ ታወራ ነበር።

እናቴ ያረፈችው ባለፈው ዓመት ነው። ከቀብር ስንመለስ አጎቴን ሳቂታ የት እንዳለች ጠየቅሁት፤ ቢነገራት ትመጣ ነበር አልኩት። አጎቴ ቆሞ አየኝ። የማላውቅ መሆኔን ያን ጊዜ ነው ያወቀው። እዚያው የመኪናው በር ላይ ሁሉንም ነገረኝ። አንቺ ራስሽ የጻፍሽው ከሆነ ይህ ቃል ምን ማለት ነው ብለው ሦስት ቃል ጠየቋት፤ አንዱንም መመለስ አልቻለችም። ታዲያ ማን ጻፈልሽ ሲሏት "ሰው" አለች። ማን ቢሏት፣ ሰው። ያየሁትን በአፌ ልናገር ብትል፣ ምስክሯ ሰው አስጠንቷት የመጣች ናት ብለው ዘጉት። የሳቂታ ጥፋት ጸና።

እኔም ብሆን እዘጋው ነበር። እንደዚያ ያለ ወረቀት እንደዚያች ካለች ሴት እጅ ቢደርሰኝ፣ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጌ አልፈዋለሁ። በሥራ ዘመኔ ስንቱን እንዲህ እንዳለፍኩ አሁን ቆጥሬ ልጨርሰው አልችልም።

ሳቂታን ለማግኘት አሥር ወር ፈጀብኝ። መርፌ፣ ክርና ቁልፍ የምትሸጥበት አንድ በር ያላት ሱቅ አላት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ቁልፎች ትለይ የነበረው ግራ እጇ ቆመ። ቀኙ በሻርፕ ተሸፍኗል።

"እናትሽ ላከችሽ?"

"አርፋለች። ዓመት ሊሆናት ነው።"

 ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ያሰናዳሁትን መናገር ጀመርኩ።

"በወቅቱ የእናቴ የምስክርነት ቃል በሚዘጋጅበት ሂደት ላይ አንዳንድ ማስተካከያዎች ተደርገው ስለነበር፣ ከዚሁ ጋር በተያያዘ በእርስዎ ላይ የደረሰው…"

"ቆዪ" አለችኝ። "ማን ነው ያደረገው?"

"እኔ።"

"ምን አደረግሽ?"

"ቃሏን ለወጥኩት።"

"ነግረሻት?"

"አይ። ጠየቀችኝ፤ አልለወጥኩም አልኳት። ዋሸሁ።"

ሳቂታ ወደ ቁልፎቹ ተመለሰች። ነጩን ከነጩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ የለየችውን በእጇ መዳፍ ሳታስበው መልሳ ቀላቀለችው።

"ለእኔ እኮ ፈራሁ ብላ ነው የነገረችኝ" አለች። "በሩን ሳልከፍትላት፣ ከውጭ ሆና። ቶሎቶሎን ፈርቼ ቃሌን አጠፍኩ፤ ይቅር በይኝ አለች። ሂጂ አልኳት። ሃያ ስምንት ዓመት ፈሪ ስላት ኖርኩ።"

"አላወቅሁም ነበር።"

"እናትሽ እንኳን ቶሎቶሎን እሳቱንም አልፈራች። እጄን ከዚያ ውስጥ ያወጣችው እሷ ናት።" ድምጿ ከፍ አላለም። "እንደማትፈራ እያወቅሁ ነው ፈራሁ ስትለኝ ያመንኳት።"

አንዲት ሴት ገብታ ጥቁር ክር ጠየቀች። ሳቂታ ሰጠቻት፤ ሴትዮዋ ወጣች። ሳቂታ ሂጂ አላለችኝም፤ ቁጭ በይም አላለችኝም። ሌላ ሰው እስኪገባ ድረስ ባንኮኒው ፊት ቆሜ ቆየሁ።